የተጋገረ የኖራ ንጣፍ ያለበት መሬት፦ መስበር፣ መብሳት፣ ከላዩ መደብ መሥራት ወይስ መተው?

ጅማ ላይ አፈር ሲባል ቀዩ ነው። ክረምት ከጫማ ሥር እየተለጠፈ እግር የሚያከብድ፣ ዶማ የማይመልስ፣ ሁለት ሜትር ቢወረድበትም ያው ቀይ። ሕመሙ ኮምጣጣነት ነው፤ መድኃኒቱም ኖራ። ከዚህ አፈር የተነሣ ሰው በድሬዳዋ ዙሪያ ወይም በሶማሌ ክልል ቆላ የእርሻ መሬት ሊይዝ ሲወርድ የሚጠብቀው የዚህ ግልባጭ ሊሆን ይችላል፤ ኖራ ሞልቶ የተረፈበት፣ ጠጠር የታጨቀበት፣ ክንድ ያህል ሳይቆፈር ዲጂኖው «ጢን» ብሎ የሚመለስበት መሬት።

ያ የሚጮኸው የተጋገረ የኖራ ንጣፍ ነው። ባለሙያዎች ካልክሪት ወይም ካሊቼ ይሉታል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ አራት መንገድ አለ፦ ንጣፉን በከባድ ማሽን መስበር፣ ለየዛፉ ጉድጓድ መብሳት፣ ንጣፉን ሳይነኩ አፈር ቆልሎ መደብ መሥራት፣ ወይም እርሻውን ትቶ ለግጦሽ ማዋል። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ ንጣፉ ስንት ሴንቲሜትር ላይ ይጀምራል፣ ስንት ሴንቲሜትርስ ይወፍራል። የአፈሩ መልክ፣ የጎረቤት ሰብልና የደላላው ወሬ ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ንጣፉ ከየት መጣ

የምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል በጁራሲክ ዘመን ባሕር ተኝቶበት የቀረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረበት ድንጋይ የዚያው ዘመን ነው። ዝናብ ከአየርና ከሥር የሚያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ኖራውን ያሟሟና ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ የሚወርደው ዝናብ እንዲህ ያለውን ነገር ጠራርጎ ወደ ጊቤ ይሸኘዋል። ቆላው ላይ ግን ዝናቡ ጥቂት ስለሆነ ውኃው መንገድ ላይ ይቆማል። ሥር ይስበዋል፣ ሙቀት ያተነዋል፣ ኖራው እዚያው ይቀራል። ይህ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲደጋገም ንጣፍ ይሆናል።

ጠጠራማ አፈር ቶሎ ይዘጋል። ግማሹ ቦታ በድንጋይ ስለተያዘ ኖራው የሚሞላው ቀዳዳ ጥቂት ነው። ሂደቱን በእጅ ማየት ይቻላል፦ ከጉድጓዱ ግድግዳ አንድ ጠጠር ነቅሎ መገልበጥ ነው። ላዩ ንጹሕ ሆኖ ሆዱ ነጭ ቅርፊት ከለበሰ መሬቱ ገና በጅምር ላይ ነው። ነጩ ነገር ጠጠርን ከጠጠር ካያያዘ ወደ መዘጋቱ ደርሷል። ጠጠሮቹ እንደ ኮንክሪት ተጣብቀው፣ ከላያቸው ደግሞ እንደ ቂጣ የሳሳ ለስላሳ ሽፋን ካለ፣ ውኃ እንኳ አልፎ መውረድ ትቶ ላዩ ላይ መተኛት ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ጥሩ ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራው ይህ የላይኛው ክፍል መሆኑ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ንጣፉ እየላላ፣ እንደ ጠመኔ እየፈረሰ ይሄዳል። ስለዚህ ዲጂኖ የመለሰ ንጣፍ ሁሉ ወፍራም ነው ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም፤ የላይኛው ቅርፊት ከተነሣ በኋላ በዶማ የሚቀጥል አለ።

ከመምረጥ በፊት መቆፈር

በየ50 ሜትሩ አንድ ጉድጓድ ማለት በሄክታር አራት ነው። አሥር ሄክታር ከሆነ አርባ። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የንጣፉ ጥልቀት በአንድ ማሳ ውስጥ ከ20 ወደ 90 ሴንቲሜትር ሊዘል ይችላል። በተለይ ከተራራ ሥር በተዘረጋ ደለል ላይ የድሮ ጅረት የሄደበት መስመር ጥልቅ፣ ጉብታው ደግሞ ጭንጫ ነው። በጉድጓዶቹ መካከል በቀጭን ዲጂኖ እየወጉ መሄድ ሥራውን ያቀልላል። ልቅ ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፣ ዲጂኖውም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ንጣፍ ግን ይጮኻል፤ ዙሪያውን ቢሞከርም በዚያው ጥልቀት ይመልሳል።

በየጉድጓዱ የሚመዘገበው፦ ንጣፉ የጀመረበት ጥልቀት፣ ውፍረቱ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ፣ ሥሮች ምን እንደሆኑ። ሥሮቹ ከሁሉ በላይ ይናገራሉ። የግራር ወይም የቁርቁራ ሥር ንጣፉ ላይ ደርሶ ጠፍጣፋ ሆኖ በአግድም ከሮጠ፣ እንደ ምንጣፍም ከተጠላለፈ፣ መግቢያ አላገኘም። አንድ ወፍራም ሥር በስንጥቅ ጠልቆ ከታየ ግን ንጣፉ ቀዳዳ አለው።

ከንጣፉ አንድ ቁራሽ ተወስዶ ሁለት ፈተና ይደረግበታል። መጀመሪያ በደንብ የደረቀውን ቁራሽ ውኃ ውስጥ ጥሎ ማሳደር፤ በማግሥቱ ከፈረሰ የተጠቀጠቀ አፈር እንጂ ንጣፍ አልነበረም፣ ተራ ጥልቅ እርሻም ይበቃዋል። ካልፈረሰ ከ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት ጠብ ማድረግ ነው። ከፈላ ኖራ ነው። አሲድ ከሌለ አቼቶ ወይም ሎሚም ይሠራል፤ አፈላሉ ደከም ስለሚል ግን ጆሮን አስጠግቶ ማዳመጥ ይጠይቃል። ነጭ ሆኖ የማይፈላ ነገር ሲያጋጥም መጠንቀቅ ነው። ጂፕሰም፣ ማለትም የጀሶ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ በሶማሌ ክልል ቆላ ሰፊ የጂፕሰም መሬት አለ። ጂፕሰም በመስኖ ውኃ ይሟሟል፤ መሬቱ ከሥር እየሰጠመ ቦዩንም ገንዳውንም ይሰነጥቃል። ይህ መመሪያ ለእርሱ አይሆንም።

ሦስተኛው የውኃ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ጉድጓዱን እስከ ንጣፉ ካወረዱ በኋላ 20 ሴንቲሜትር ውኃ ሞልተው እንዲጠጣ ይተዉት፤ በማግሥቱ ሌላ 20 ሴንቲሜትር ይሙሉና ሰዓት ይያዙ። በ24 ሰዓት ውስጥ ካለቀ ንጣፉ ያሳልፋል። ከቀረ ጉድጓዱ ድስት ነው፤ የሚተከልበት ዛፍም ድስት ውስጥ እንደተተከለ ይቁጠሩት።

ናሙናው ጅማ ላብራቶሪ የሚገባ ከሆነ ሁለት ነገር አስቀድሞ ይነገር። አንደኛ፣ ፎስፈረስ በኦልሰን ዘዴ እንዲለካ። ለኮምጣጣ አፈር የተለመደው ብሬይ አሲድ ያለው መጭመቂያ ስለሆነ ኖራው አሲዱን ያጠፋዋል፤ የሚወጣው ቁጥር ያሳስታል። ሁለተኛ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት የቀረው ጠጠር ከመጣሉ በፊት ተመዝኖ ይመዝገብ። ከፒኤች (ከኮምጣጣነት መለኪያው) ሌላ የሚጠየቀው አጠቃላይ የካርቦኔት መጠን፣ ገባሪ ኖራ (ተክል የሚጎዳው ደቃቁ ኖራ)፣ የጨው መጠንና የአፈሩ ቅንጣት መጠን ነው። ፒኤች ብቻውን እዚህ ብዙ አይናገርም፤ 5 በመቶ ኖራ ያለውም 40 በመቶ ያለውም በአብዛኛው 8 አካባቢ ይሰጣል።

የውኃ ሒሳብ

ቀይ የጅማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት 150 ሚሊሜትር ለተክል የሚሆን ውኃ ይይዛል እንበል። ሥር አንድ ሜትር ተኩል ከወረደ 225 ሚሊሜትር ነው። ግማሹ እስኪያልቅ ቢጠበቅና ተክሉ በቀን 4 ሚሊሜትር ቢጠጣ ለ28 ቀን ያቆየዋል።

ያንኑ ደቃቅ አፈር ወስደን ግማሽ ይዘቱን በጠጠር እንሙላው፤ ውኃው ወደ 75 ሚሊሜትር ይወርዳል። ንጣፉ 40 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ የሚቀረው 30 ነው። ግማሹ 15 ሚሊሜትር፤ በቆላ ሙቀት ተክሉ በቀን 6 ሚሊሜትር ሲጠጣ ሁለት ቀን ተኩል ብቻ። የመስኖ ፓምፕ ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ቢፈጅ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ወጥመድ አለ። ላብራቶሪ ጠጠርን በክብደት ይነግራል፤ ውኃን የሚቀንሰው ግን ይዘቱ ነው። ድንጋይ ስለሚከብድ በክብደት 50 በመቶ የሆነ ጠጠር በይዘት 33 በመቶ ያህል ነው። ሳይለወጥ ከተሰላ መሬቱ ከሆነው በላይ ደረቅ ይመስላል።

መስበር

የዶዘር ሪፐር፣ ማለትም ከኋላው ወደ መሬት የሚገባው የብረት ጥርስ፣ ንጣፉን በረጅም መስመር ይከፍተዋል፤ ሥርም ውኃም በዚያ መስመር ይሄዳሉ። የዛፍ ረድፎች በ4 ሜትር ርቀት ቢሆኑ በሄክታር 2,500 ሜትር መስመር ይሰበራል። ለብዙ ሄክታር የፍራፍሬ እርሻ፣ ንጣፉ ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ላይ ለሚጀምርና ውፍረቱ ከ30 ሴንቲሜትር ለማይበልጥ መሬት ምርጫችን ይህ ነው። ከዚያ ከወፈረ ጥርሱ ንጣፉን ከመስበር ይልቅ ላዩን እየጫረ ይሄዳል፤ ለነዳጅና ለጥርስ የሚወጣው ገንዘብ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ማሽኑ ባለ ሰንሰለት ከባድ ዶዘር፣ ጥርሱም አንድ ረጅም መሆን አለበት። የተለመደው የእርሻ ትራክተር ጥልቅ ማረሻ ቢጎትት ንጣፉ ሲደርስ ማረሻው ተንሳፍፎ ይወጣል ወይም ይሰበራል። ሥራው በደረቅ ወቅት ይሁን። ደረቅ ንጣፍ በግፊት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደ ጎን ይሄዳል። እርጥብ ከሆነ ጥርሱ ያለፈበትን ብቻ ቀዶ ያልፋል፣ ግድግዳውንም ይለስነዋል። በአብዛኛው የሶማሌ ክልል ቆላ ዝናቡ ጉ (ከሚያዝያ እስከ ሰኔ) እና ደይር (ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ) ስለሆነ ዶዘር የሚገባው በመካከላቸው ባሉት ደረቅ ወቅቶች፣ በጅላል ወይም በሐጋ ነው። የጅማን ክረምት ይዞ የሄደ ሰው ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኝ ጭኖ ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ዝናቡ አብቅቷል።

ከመስበር በኋላ የሚበላሸው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የተሰበረው ኖራ እንዲቀላቀል ተብሎ በዲስክ ይታረሳል። ዲስኩ ድንጋዩን ዱቄት ያደርገዋል፤ ለተክል ጠር የሆነውም ይህ ደቃቅ ገባሪ ኖራ ነው። ትልልቁ ድንጋይ ለሥር መጥፎ አይደለም፣ ዱቄቱ ግን ቅጠል ያቢጫል። ስለዚህ ይሰበራል፣ ወደ ላይ የወጣው ድንጋይ ተለቅሞ እርከን ይሠራበታል፣ በዚያው ይቆማል። በዚህ ሁኔታ የተከፈተ መስመር ተመልሶ እንዲጋገር ሺህ ዓመታት ስለሚጠይቅ ሥራው አንዴ ነው።

መብሳት

አንድ ሄክታር ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት፣ ዶዘር የማይደርስበት ቦታ፣ ወይም ንጣፉ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ወፍራም ሆኖ ከሥሩ ጥሩ አፈር ያለበት፣ ለእንዲህ ያለው ጉድጓድ ይሻላል። በ5 በ5 ሜትር ሲተከል በሄክታር 400 ጉድጓድ ነው። ወርድና ቁመቱ 60፣ ጥልቀቱ 80 ሴንቲሜትር ቢሆን ከአንዱ 0.29፣ ከሁሉም 115 ሜትር ኩብ ያህል ይወጣል። ጅማ ላይ ሰው በቀን ብዙ የቡና ጉድጓድ ያወጣል፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ ጉድጓድ ላይ ሊውል ይችላል። ለሠራተኛ በቀን ሳይሆን በጉድጓድ መክፈል የተለመደ ነው። ያኔ ግን ሠራተኛው ንጣፉ ጋ ደርሶ እንዳይቆም ክፍያው «ንጣፉን ላለፈ» መባል አለበት፤ ሳይበሳ የቀረ ጉድጓድ ከላይ ሲታይ ከተበሳው አይለይም።

ቁም ነገሩ መብሳቱ ነው፣ ስፋቱ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተቆፍሮ ንጣፉ ላይ የቆመ ጉድጓድ ውኃ ያቁራል፤ ሥሩ ይታፈናል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ውኃ አነሰው ብሎ ይጨምርለታል፣ ዛፉም ፈጥኖ ይሞታል። ከዚህ ይልቅ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ ወለሉ መሐል በዲጂኖና በመዶሻ ወይም በጃክ ሀመር 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ንጣፉን እስኪያልፍ ማውረድ ይሻላል። ቀዳዳው በጠጠር ብቻ አይሞላ፤ ሥር የሚገባበት አፈርም ይኑረው። ካለቀ በኋላ የ20 ሴንቲሜትሩ የውኃ ፈተና ይደገም።

ሲደፈን የላይኛው አፈርና ከንጣፉ የወጣው ነጭ ፍርስራሽ ለየብቻ ይከመሩ። የሚመለሰው የላይኛው አፈር ነው፤ ከ10 እስከ 20 ኪሎ በደንብ የበሰለ ፍግ ይጨመርበታል። አካባቢው የከብትና የግመል አገር ስለሆነ ፍግ አይጠፋም። ነጩ ፍርስራሽ ከጉድጓዱ ቁልቁል ባለው ጎን እንደ ግማሽ ጨረቃ ተከምሮ የጎርፍ መያዣ ይሆናል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ 0.29 ሜትር ኩብ አፈር ለተክል የሚሆን ውኃ የሚይዘው 35 ሊትር ገደማ ነው። ዛፉ አድጎ በቀን 30 ሊትር መጠጣት ሲጀምር፣ ሳይጎዳ የሚወስደው ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ ብቻውን አንድ ቀን አያቆየውም። ሥሩ በቀዳዳው ወደ ታች ወጥቶ ካልሄደ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት እድገቱ ቀጥ ይላል። ወደ ታች ያለው አፈር ባዶ ጠመኔ ወይም ድፍን ድንጋይ ከሆነ ታዲያ ለምን ይበሳል? ለዚህ ነው በፈተሻው ጊዜ ቢያንስ በሁለት ሦስት ጉድጓድ ንጣፉን አልፎ ማየት የሚያስፈልገው።

ከላዩ መደብ

ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለመኖ ንጣፉን መንካት አያስፈልግም። ሥራቸው ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ከበቃው ይሠራሉ። የሚጎድለውን አፈር ከመተላለፊያው አንሥቶ መደቡ ላይ መቆለል ወይም ከጅረት ዳር ደለል ማምጣት ነው። 1.2 ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲሜትር ከፍታና 100 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ 48 ሜትር ኩብ ይበላል፤ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖ ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው። በሄክታር ሲባዛ ሒሳቡ ያስደነግጣልና ደለሉ ከጥቂት ኪሎሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነ አይሞከር።

መደብ ያለ ጠብታ መስኖ አይሆንም፤ ጎኖቹ ቶሎ ይደርቃሉ። ጠብታ መስኖው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ማውጫዎቹን በነጭ ቅርፊት ይደፍናቸዋል። የውኃውን ፒኤች በአሲድ ወደ 6.5 አውርዶ በየጊዜው ማጠብ ያስፈልጋል። ሲቀላቀል ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃ አሲድ ላይ ከፈሰሰ ይፈናጠራል።

ትልቁ አደጋ ጨው ነው። የመስኖ ውኃ ሁሉ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የሚታጠበው ከሥር ወደ ታች ሲወርድ ነው። ከሥር ንጣፍ ካለና ውኃ ካላሳለፈ ጨዉ ወዴት ይሄዳል? ንጣፉ ላይ ተኝቶ በሙቀት ወደ ላይ ይመለሳል፣ የመደቡ ትከሻም ነጭ ይሆናል። ስለዚህ መደቡ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ተዳፋት ይዞ መጨረሻው ላይ መውጫ ቦይ ይኑረው። የውኃ ፈተናውን የወደቀና ፍጹም ሜዳ የሆነ መሬት ላይ መደብ አንመክርም፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያማረ ቢሆንም እንኳ።

መተው

ንጣፉ ከ25 ሴንቲሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ከጀመረና ከግማሽ ሜትር በላይ ከወፈረ እርሻውን ይተዉት። ግጦሽ ነው። 4 ሜትር ስፋት ያላቸው ግማሽ ጨረቃዎች፣ አፋቸው ወደ ሽቅብ ዞሮ፣ ጎርፍ ይዘው ሣር ያበቅላሉ። ግራሩ ካልተቆረጠ ለንብ ቀፎ ይሆናል። የንጣፉ ድንጋይ ራሱ ለመንገድ ጠጠር ይፈለጋል። ጅማ ላይ ለኮምጣጣው ማሳ በኩንታል እየተሸከምን የምንበትነው ያው ኖራ ነው፤ ማጓጓዣው ባይገድል ኖሮ ሁለቱ አገሮች አፈር ቢለዋወጡ ይበጃቸው ነበር።

በተቃራኒው ንጣፉ ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ ከአራቱ መንገዶች አንዱም አያስፈልግም። እንደ ማንኛውም ደረቅ መሬት ይታረሳል፤ ጠጠሩንና ኖራውን ብቻ ማሰብ ነው።

የሚተከለውና የጅማ ልማድ

ቡና አይታሰብ። አቮካዶም ጅማ ላይ ስላማረ እዚህ ያምራል ማለት አይደለም፤ ኖራ ከማይችሉት ዛፎች ግንባር ቀደሙ ነው። ኖራ የሚችሉት ቴምር፣ ሮማን፣ በለስ፣ ወይራና ቁርቁራ ናቸው። ብርቱካንና ሎሚ እንደተከተቡበት ሥር ይለያያሉ፦ የኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ኖራውን ይችላል፣ ትሪስቴዛ የሚባለው ቫይረስ ግን ያጠቃዋል። ትሪፎሊየት የተባለው ሥር ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ችግኝ ሲገዛ ከላይኛው ዝርያ በፊት ሥሩ ይጠየቅ። ከሰብል ገብስና አልፋልፋ ይሻላሉ። ማሽላ ድርቅ ቢችልም የብረት እጥረት ያጠቃዋል፤ ለውዝም እንዲሁ።

ብረት አፈሩ ውስጥ አለ፣ ኖራው ግን አስሮታል። ምልክቱ ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ መቅረቱ ነው። ናይትሮጅን ሲጎድል የሚቢጨው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ዩሪያ መበተን ብር መበተን ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ባለ አፈር ላይ ያልተሸፈነ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል፣ ስለዚህ 5 ሴንቲሜትር ያህል ተቀብሮ ውኃ ይጠጣ። ለብረቱ ሁለት ምርጫ አለ። ርካሹ ፌረስ ሰልፌት ነው፤ አፈር ላይ ቢጨመር ወዲያው ስለሚታሰር በ10 ሊትር ውኃ 50 ግራም በጥብጦ ማለዳ ቅጠል ላይ ይረጫል፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱም ይደገማል። ውዱ ኢዲዲኤችኤ የተባለው ኬሌት፣ ማለትም ኖራው እንዳያስረው ተሸፍኖ የተዘጋጀ ብረት ነው፤ ጥቁር ቀይ ዱቄት ሆኖ በሥር ዙሪያ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ለለጋ ችግኝ ከ5 እስከ 10 ግራም። ብርሃን ስለሚያበላሸው ይሸፈን። ሻጩ «ብረት ኬሌት ነው» ብሎ ኢዲቲኤ ከሰጠ አይግዙ፤ እሱ ለኮምጣጣ አፈር እንጂ ለፒኤች 8 አይሆንም።

ፎስፈረስ ጅማ ላይ በብረትና በአሉሚኒየም ይታሰራል፣ እዚህ በካልሲየም። መፍትሔው ተመሳሳይ ነው፦ ኤንፒኤስ ሳይበተን ከዘሩ ጎን በመስመር ይቀበር። ኮምፖስት ውስጥ አመድ መጨመር ግን እዚህ ይቅር፤ አመድ ራሱ እንደ ኖራ ነው። የቡና ገለባ ከጅማ ጭኖ አፈሩን ለማኮምጠጥ ማሰብም አያዋጣም፤ ገለባው ፖታሽ ይሰጣል እንጂ ኖራ አያጠፋም።

«ድኝ ጨምሬ ኖራውን አጠፋለሁ» ለሚል ሒሳቡ ይኸው። 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው የአንድ ሄክታር ደቃቅ አፈር 3,900 ቶን ያህል ነው። አንድ በመቶ ኖራ ብቻ ቢኖረው 39 ቶን ይሆናል፤ ያንን ለማጥፋት 12.5 ቶን ድኝ ይፈልጋል። አፈሩ 20 በመቶ ካለው 250 ቶን። በአንድ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ድኝ ከፍግ ጋር ማድረግ ለጊዜው ብረት ያላቅቃል፤ ማሳ ሙሉ ማኮምጠጥ ግን የሚሞከር አይደለም።

የፈተሻ ጉድጓዶቹ ቁጥርና ቦታ በካርታ ላይ ከተመዘገበ፣ ናሙናውም ስሙና ጥልቀቱ ተጽፎበት ከታሰረ በኋላ፣ ከመሄድዎ በፊት ሁሉንም ይድፈኗቸው። ሌሊት የሚያልፍ ግመል እግሩን ሰብሮ ከተገኘ ከአካባቢው አርብቶ አደር ጋር የሚጀመረው ንግግር ስለ መሬት አይሆንም።